ጾም፣ ጸሎትና 226 ኪሎ ሜትር፦ ስለ መጀመሪያው ረጅም ትሪያትሎን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካለፈው መስከረም ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በክርስትና ድግስ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ሆኑ። በቃል ስመልስ ግማሹን ስለምረሳው ጻፍኩት። አሠልጣኝ አይደለሁም፤ ሐኪምም የሃይማኖት መምህርም አይደለሁም። ሜሪላንድ የምኖር፣ በ41 ዓመቴ ዋና የተማርኩ፣ በ45 ዓመቴ እዚያው ሜሪላንድ ካምብሪጅ በምትባል ከተማ የሚካሄደውን አይረንማን የተባለ ረጅም የትሪያትሎን ውድድር የጨረስኩ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ትሪያትሎን ምንድን ነው? ረጅም የሚባለውስ ስንት ነው?

ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ሰዓቱ ሳይቆም። ረጅሙ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያም ሙሉ ማራቶን፣ ማለትም 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። የዚህ ግማሽ የሆነም አለ፤ ከሙሉው በፊት እርሱን አንድ ጊዜ እንዲሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። በሙሉው ርቀት የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በ1978 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ነው፤ 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። ዛሬ ለተወዳዳሪ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው 17 ሰዓት ነው። ዋናውን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያልጨረሰ ግን ብስክሌቱን ሳይነካ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ሩጫው ለእኔ ምን ያስፈራል?

የአካባቢዬን የልምምድ ቡድን የተቀላቀልኩ ዕለት ከየት እንደመጣሁ ስናገር ሁሉም ከኋላዬ ተሰለፉ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ሁሉም ከፊቴ ነበሩ። ደራርቱ የአገሬ ልጅ መሆኗ ለእኔ ጉልበት የጨመረው ነገር የለም።

ከ180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት በኋላ የሚመጣው ማራቶን ከሌላው ማራቶን ጋር ስሙ እንጂ ጠባዩ አንድ አይደለም። ከኮርቻው ሲወርዱ እግሩ የተዋሱት ይመስላል። መፍትሔው በሳምንት አንድ ቀን ከብስክሌት እንደወረዱ ጫማ ቀይሮ ወዲያው 20 ደቂቃ መሮጥ ነው። መራመድንም ከመነሻው በእቅድ ውስጥ ያስገቡት። እኔ በየውሃ ማደያው አንድ ደቂቃ እራመድ ነበር፤ ገና ሳይደክመኝ፣ ከመጀመሪያው ማደያ ጀምሮ። ደክሞት መራመድ የጀመረ ሰው ተመልሶ መሮጥ ይከብደዋል።

ዋና ጭራሽ አልችልም። ተስፋ አለኝ?

አለዎት። እኔ ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ውሃን የማውቀው በባልዲና በጥምቀት ነበር። ዋና ግን ከሦስቱ ቀድሞ መያዝ አለበት፤ ብስክሌትና ሩጫ በጉልበትም ይገፋሉ፣ ውሃ ግን ጉልበተኛን አይወድም። በሕዝብ መዋኛዎች ለአዋቂ ጀማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት አለ። መጀመሪያ የሚለመደው ፊትን ነክሮ አየሩን ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማስወጣት ነው። ጀማሪ ሲጨንቀው አየር ያነሰው ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያስጨንቀው ሳያስወጣ ያመቀው ትንፋሽ ነው። ይህን አንድ ነገር ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ አጠገቤ ባለው መስመር የሰባት ዓመት ሕፃናት እንደ ዓሣ ሲመላለሱ እያየሁ።

ቀጥሎ የቆጠራው ጣጣ ይመጣል። 25 ያርድ በሆነ መዋኛ ሙሉው ርቀት ከጫፍ ጫፍ 169 ጊዜ ነው፤ ሃያ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ይጠፋል። እኔ "እግዚኦ" እያልኩ ቆጠርኩ፦ ከጫፍ ጫፍ ስደርስ አንድ፣ አርባ አንድ ሲሞላ አንድ ዙር። አራት ዙር 164 ይሆናል። የቀሩትን አምስቱን በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ጨረስኳቸው፤ ጥምቀት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፣ ውሃም እውጣለሁ። የእጅ ሰዓትም ይቆጥራል፤ የእርሱ ግን ባትሪው ያልቃል።

ክፍት ውሃ ሌላ ዓለም ነው። ካምብሪጅ የሚዋኘው ቾፕታንክ በሚባል ሰፊ ወንዝ ነው፤ ቡናማ ነው፣ ጨው ጨው ይላል፣ በሞቃት ወራት የሚያቃጥል ጄሊፊሽ አለበት፣ የገዛ እጅዎን እንኳ አያዩበትም። ከውድድሩ በፊት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ክፍት ውሃ ይግቡ፤ ብቻዎን ግን በፍጹም አይግቡ። ፍርሃት ከያዘዎት በጀርባዎ ተንሳፍፈው ሰማዩን ይዩ። በውድድሩ ላይ የነፍስ አድን ሠራተኞችን ታንኳ ይዞ ማረፍ ይፈቀዳል፤ ታንኳው ወደ ፊት እስካልጎተተዎት ድረስ ቅጣት የለውም። እኔ ሁለት ጊዜ ያዝኩ። "እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ መዋኘት ሳይማሩ ወንዝ መግባት ግን ጌታ በመቅደሱ ጫፍ ላይ እምቢ ያለው ዓይነት ዝላይ ነው።

ስንት ወር ያስፈልጋል?

አንድ ሰዓት ሳይቆም መሮጥ ለሚችልና መዋኘት ለተማረ ሰው 24 ሳምንት። መጀመሪያ በሳምንት ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ጫፉ ላይ፣ ማለትም ልምምዱ ከሁሉ በሚከብድበት ጊዜ፣ 13 ሰዓት ገደማ። ጊዜው ከየት ይመጣል ለሚሉኝ፦ ከእንቅልፍ ሳይሆን ከስልክ። ከቤተሰብም ይወስዳል፤ ባለቤቴ የስድስት ወር ቅዳሜዎቹን ሰጥቶኛል፣ አሁን እየመለስኩለት ነው።

ከጾሙ ጋር እንዴት ይሄዳል?

ከሁሉ ይልቅ የምጠየቀው ይህን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የካምብሪጁ ውድድር የሚውለው በመስከረም የመጀመሪያ አሥር ቀናት ገደማ፣ ቅዳሜ ነው። ከዚያ 24 ሳምንት ወደ ኋላ ቢቆጥሩ መጋቢት መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል ይደርሳሉ። በዚያን ጊዜ ልምምዱ ገና ቀላል ነው። ሰሙነ ሕማማትን ጭራሽ ባዶ ተውኩት፤ ለጭንና ለጉልበት ስግደቱ ራሱ ይበቃል። ከትንሣኤ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የረጅም ርቀት መሠረት ለመጣል ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከዚያ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፣ ሐምሌ 5 ይፈታል። ቀሪው ሐምሌ ሌላ ክፍት ጊዜ ነው። ከዚያ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተለመዱት የልምምድ እቅዶች ከውድድሩ በፊት ከስድስተኛው እስከ ሦስተኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ጫፍ ያደርጉታል፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። በመጀመሪያው ሙከራዬ ሁለቱንም ሳልቀንስ ላስኬድ ፈለግሁ። ነሐሴ 6 ቀን እህል ውሃ ሳልቀምስ 70 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነዳሁ፤ ሙቀቱ ከ33 ዲግሪ በላይ ነበር። ሣር ላይ ተዘርሬ ያገኘችኝ አንዲት ሴት ቤቷ አስገብታ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አንገቴ ላይ አደረገችልኝ። ሁለት ቀን ራሴን አዞረኝ፤ በዚያ ዓመት ውድድሩ ቀረ። ያን ቀን ለእግዚአብሔር ብዬ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

የንስሐ አባቴ ጾሙን ያቀልሉልኝ ይሆን?

ይጠይቋቸው። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ የሚሰጥ ፈቃድ አለ። ውድድር ግን ሕመም አይደለም፤ ከፍለው የገቡበት ነው። እኔ በሁለተኛው ዓመት ፍልሰታን እንዲያቀሉልኝ ለመለመን ሄድኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

"ልጄ፣ ውድድሩን ማን አዘዘሽ?" አሉኝ።

"ማንም አላዘዘኝም፣ አባቴ።"

"እንግዲያስ ጾሙን ከማሳጠር ብስክሌቱን ማሳጠር አይቀልም?"

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የወጣሁት። ስለ ብስክሌት ምን ያውቃሉ አልኩ። ማታ ግን የግድግዳውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አውርጄ በእርሳስ እቅዱን እንደገና አወጣሁ። የመጀመሪያውን ጫፍ ወደ ሐምሌ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ሳብኩት፤ 150 ኪሎ ሜትር ሁለት ቅዳሜ ነዳሁ። በፍልሰታ ሰዓቱን በግማሽ ቀነስኩ። 9 ሰዓት ላይ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ሆድ እስኪረጋ ጠብቄ 12 ሰዓት ገደማ ቀላል ዋና ወይም አጭር ሩጫ ብቻ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ 160 ኪሎ ሜትር ነዳሁ፤ ውድድሩ አራት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 29 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ጳጉሜን ዕረፍት ሆነች። ባለሙያዎቹ ከትልቁ ጫፍ በፊት ሰውነት ማረፍ አለበት ሲሉ ለካ ፍልሰታ ሥራውን ሠርቶልኛል፤ ለቅዳሜው 160 ኪሎ ሜትር የተነሣሁት በዚያ ዓመት ኖሮኝ በማያውቅ ያረፈ እግር ነው።

ለራሴ ያስቀመጥኩት ደንብ አለ፦ ውሃ ሳልጠጣ ከ45 ደቂቃ በላይ ልምምድ የለም፣ ያውም በጠዋት ቅዝቃዜ። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብዎት ደግሞ ከንስሐ አባትም ከእኔም በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የእርስዎ አባት ሌላ መልስ ሊሰጡዎት ይችላሉ፤ የእኔን ጽሑፍ ይዘው እንዳይከራከሯቸው።

እሑድ እቆርባለሁ። እቅዶቹ ሁሉ እሑድን የረጅም ሩጫ ቀን ያደርጋሉ፤ ምን ላድርግ?

ረጅሙን ሩጫ ወደ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ያዙሩት። ከቆረቡ በኋላ ያለው ቀን የዕረፍት ቀን ነው፤ መታጠቡም፣ ሩቅ መሄዱም፣ መላቡም የለም፣ መዋኛ ጭራሽ አይታሰብም። ከባዱ ነገር ቅዳሜ ነው። ለቁርባን 18 ሰዓት ይጾማል፤ ቁርባኑ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ጠግቦ በልቶ፣ በተለይም በደንብ ጠጥቶ መጨረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የቅዳሜውን ብስክሌት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መብራት አብርቼ እጀምር ነበር። አምስት ሰዓት ለሚበልጥ ብስክሌት ግን ይህ አይበቃም፤ በእነዚያ ሳምንታት ቁርባኑን ወደ ሌላ እሑድ ማድረጉ ይሻላል፣ ወይም ብስክሌቱን። የቱ እንደሚዛወር ለእርስዎ ልተወው።

የጾም ምግብ ለዚህ ሁሉ ይበቃል?

ይበቃል፣ እንዲያውም ደልቶት። ይህ ስፖርት ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ የእኛ የጾም ማዕድ ደግሞ ከእርሱ ሌላ ብዙም የለውም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ ለጥገና፤ እንጀራ፣ ድንች፣ ሩዝ ለጉልበት። የደም ማነስ ያለባት ሴት የብረት መጠኗን ትመርመር፤ ሥጋና እንቁላል አዘውትሮ የማይበላ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን አይርሳ።

በሶ ለብቻው አንቀጽ ይገባዋል። አያቶቻችን ስንቅ ያደረጉት በከንቱ አይደለም፦ የተቆላ ገብስ ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። በረጅም የብስክሌት ልምምድ ላይ በስኳርና በጨው ቀጭን አድርጌ በጥብጬ እጠጣው ነበር፤ ሆድን ይይዛል፣ አፍንም አያታክትም፤ ጣፋጭ ነገር አምስተኛው ሰዓት ላይ ያስጠላል። በሩጫ ላይ ግን ይከብዳል፣ አይሞክሩት።

ለሌላው ጊዜ ርካሹ መጠጥ ቤት ውስጥ ይሠራል፦ በአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሎሚ። በየሰዓቱ ከ60 ግራም ስኳር ጀምረው ሆድዎ ከፈቀደ እስከ 80 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሆድም እንደ እግር ይሠለጥናል። ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣት አደገኛ መሆኑን ግን ይወቁ፤ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። የታሸጉ ምግቦችን ጀርባ ያንብቡ፤ አንዳንዱ የወተት ዱቄት ወይም ከእንስሳ የተገኘ ጄላቲን አለበት።

ከውድድሩ በፊት ባሉት 36 ሰዓታት ደግሞ ሽሮና ምስር ይሰናበቱ። በግማሹ ውድድር ዋዜማ እናቴ በፍቅር ያቀረበችልኝን ሽሮ ጠግቤ በልቼ፣ በማግስቱ በመንገዱ ላይ ያሉትን መጸዳጃ ቤቶች ሁሉ ተሳልሜያቸዋለሁ። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ድንች፤ በቃ።

ማተቤን ላውልቅ? ሥዕል መያዝስ እችላለሁ?

ማተቡን አያውልቁ፤ አንገትዎን ቫዝሊን ይቀቡ። ዌትሱት የሚሉት የጎማ ልብስ ክሩን አንገት ላይ ይፈጋዋል፣ የወንዙ ጨው ይጨመርበታል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት በቁስል ነው። መስቀሉ ሹል ከሆነ ለዋናው ሰዓት ክሩን ብቻ አስቀርተው መስቀሉን ከብስክሌት ዕቃዎ ጋር ያኑሩት። ዌትሱት የሚፈቀደው የውሃው ሙቀት እስከ 24.5 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከዚያ አልፎ እስከ 28.8 ዲግሪ ከሆነ ሊያደርጉት ቢችሉም ለሽልማት አይታሰቡም፤ እኔና ሽልማት ስለማንተዋወቅ አላስጨነቀኝም።

ሥዕሉ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሩጫ ልብስ ጋር መቀመጥ ይችላል። መሠረት ደፋር በ2012 እ.ኤ.አ. በለንደን ኦሊምፒክ 5000 ሜትር አሸንፋ ከልብሷ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል ስታወጣ በቴሌቪዥን ያየን አንረሳውም። እርሷ ግን አስቀድማ 3.8 ኪሎ ሜትር አልዋኘችም።

መዝሙር እያዳመጥኩ ልሩጥ? ዘመድ መንገድ ላይ ምግብ ቢያቀብለኝስ?

ሁለቱም ክልክል ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ከውድድር ያሰርዛል፤ ስለዚህ መዝሙሩን በልምምድ ወራት በቃል ያጥኑት። እኔ ስድስት የንስሐ መዝሙሮችና ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ከፋፍዬ በቃሌ ያዝኩ። ዘመድን ማስረዳት ከዚህ ይከብዳል። እኅቴ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፔርሙዝ ይዛ አጠገቤ ስትሮጥ ዳኛው እንዳያያት በእጄ እየገፋሁ ነበር የማልፈው። ከሰው እጅ መቀበል አይቻልም፤ የራስዎን ስንቅ ግን በስምዎ በሚሰጥ ቦርሳ አድርገው በብስክሌቱና በሩጫው አጋማሽ ላይ ማግኘት ይችላሉ።

ሴት ነኝ፤ አለባበሱ ያሳፍረኛል።

እኔንም አሳፍሮኝ ነበር። እጅጌውና እግሩ ረዘም ያለ የትሪያትሎን ልብስ ይሸጣል፣ ከላይም ሸሚዝ መደረብ ይቻላል። በሙሉው ርቀት ውድድር ለሴቶች ለብቻ የልብስ መቀየሪያ ድንኳን አለ። በግማሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ከታች ለብሰው ይምጡ።

ብስክሌቱ ላይ ሰባት ስምንት ሰዓት ምን ይታሰባል?

ስለ መቀመጫ ሕመም። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ደግሞ ዳገት የለውም ተብሎ ይወደዳል እንጂ ቁልቁለትም የለውም፣ እግር አያርፍም። ብላክወተር በሚባለው ረግረግ የአራዊት መጠለያ ውስጥ ነፋሱ ከፊት ይመጣል፤ ዞረው ሲመለሱም ከፊት ነው፣ እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።

ይህ አገር ሃሪየት ተብማን በ1822 እ.ኤ.አ. ገደማ በባርነት የተወለደችበት ነው። በ1849 አምልጣ ነፃ ከወጣች በኋላ 13 ጊዜ ያህል እየተመለሰች ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን በሌሊት አውጥታለች፤ እግዚአብሔር መንገዱን እንደሚያሳያት ትናገር ነበር። ያ ረግረግ ያን ጊዜ ውሻና ጠመንጃ የሚያሳድድበት ነበር። 130ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ማልቀስ ስጀምር እርሷን አሰብኩና አፈርኩ። ማፈሩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ረዳኝ፤ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ።

ጸሎት በእውነት ይረዳል?

ፍጥነት አልጨመረልኝም። የረዳኝ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ማንቂያው ሲጮህ፦ ለጸሎት እነሣለሁ፣ ከተነሣሁ አይቀር ብስክሌቱ በር ላይ ነው። ለብስክሌቱ ብቻ ብሎ የሚነሣ ሰው ሰበብ አያጣም። ሁለተኛው ማቆም ሲገባኝ ነው። ሰኔ ላይ ጅማቴ ሲያብጥ እንደቀድሞዬ ብሆን በላዩ እሮጥ ነበር፤ አካሌ የእኔ ብቻ አለመሆኑን አምናለሁና ሦስት ሳምንት በውሃ ውስጥ ብቻ ተለማመድኩ። "አሸንፌ ልውጣ" ብዬ ጸልዬ አላውቅም። "ከውሃው በሰላም አውጣኝ" ብያለሁ፣ ደጋግሜ፣ ጮክ ብዬ።

ሙስሊም ጓደኛዬ መሞከር ትፈልጋለች። ረመዳንስ?

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በዚህ ዘመን የሜሪላንድ ብርድ ሊያበቃ ሲል፣ በየካቲትና በመጋቢት ይውላል። ለመስከረም ውድድር እቅዱ ከመጀመሩ በፊት ያልቃል ማለት ነው። በወሩ ውስጥ የምትለማመደው ከኢፍጧር በኋላ ከሆነ ችግር የለውም። ዝርዝሩን ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች።

ስንት ገንዘብ ይፈጃል?

ብዙ። የመመዝገቢያው ብቻ ለሙሉው ርቀት ከ800 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ብስክሌቱን ያገለገለ ይግዙ፤ የእኔ የአሉሚኒየም ነው፣ ከባለቤቴ የመጀመሪያ መኪና ጋር እኩያ ነው። ዌትሱት ይከራያል። ልኩን ለማስተካከል ወደ ብስክሌት ባለሙያ ለሚሄዱበት ግን አይሰስቱ።

ለመሆኑ ስንተኛ ወጣሽ?

ከመጨረሻው ብትቆጥሩ ቶሎ ትደርሱብኛላችሁ። 15 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ፈጀብኝ። በማግስቱ እሑድ ቆሜ ማስቀደስ አቅቶኝ ከአሮጊቶቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ መጥተው ይህንኑ ጠየቁኝ፤ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "ከኋላሽም ሰው ነበረ ማለት ነው?" አሉኝ።

ነበረ። አንዱ ወደ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ሙዝ እየበላሁ ሳለ በጨለማው ውስጥ ብቅ አሉ፤ ሙዙን ለእኅቴ ሰጥቼ አጨበጨብኩላቸው።